የሙሃረም ጀናዛ

ኢማሙ ነዚር ኤፈንዲ ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ጫማቸውን ሳያወልቁ በር ላይ ቆሙ። ሸፊቃ ነገር እንዳለ ያኔውኑ ገባት።

«ያቺን ጥያቄ ብንተዋትስ?» አሏት አቀርቅረው። «ለሰላም ስንል።»

ያቺ ጥያቄ የቦስኒያ ሙስሊም ሁሉ መሰናበቻ ናት። ጀናዛው ከተሰገደበት በኋላ ኢማሙ «እንዴት ያለ ሰው ነበር?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሕዝቡም «ደግ ነበር» ብሎ ይመሰክራል። ከቦስኒያ መንደራቸው አሁን እስከሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ድረስ ይህን የተነፈገ ሌባ እንኳ የለም። ባሏ ሙሃረም ግን ሊነፈግ ነው!

የነገሩ መነሻ ኤልቬዲን ነው። ይህ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ «በምርጫ ድምፅ የሰጠ ካፊር ነው፣ ከሃዲ!» የሚል ወረቀት መስጊዱ በር ላይ ሲለጥፍ፣ ሙሃረም ወረቀቱን እየቀደደ እዚያው ጠረጴዛ ዘርግቶ መራጮችን ይመዘግብ ነበር። ጋዜጠኞች ሲመጡ ታዲያ ካሜራው የሚዞረው ወደሚጮኸው ነው። ሙሃረም አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያናግራቸው አንዲት ቃሉ አልተላለፈችም። ይባስ ብሎ አሜሪካውያን ጎረቤቶቹ ኤልቬዲን በተናገረው እሱን ይገላምጡት ጀመር።

«ከመሰከራችሁለት እበጠብጣለሁ ብሏል» አሉ ኢማሙ።

«እሱ አንድ፣ እናንተ ሦስት መቶ! ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእርስዎ ዝምታ ግን ከእሱ ጩኸት ይብስ አቃጠለኝ።»

«ተይ እንጂ፣ እህቴ።»

«አልተውም!»

ቀትር ላይ በመስጊዱ ግቢ ተሰገደ። ኢማሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በሉ እንግዲህ አንሱት» አሉ።

ከወንዶቹ ኋላ የቆመችው ሸፊቃ ጥያቄዋ እንደተዘለለች ገባት። በዚያ ግቢ ሴት ጀናዛ ላይ ድምጿን አሰምታ አታውቅም። ሰልፉን ሰንጥቃ ሄዳ እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች።

«ማንም እንዳይነካው! ሙሃረም እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

ሦስት መቶ ወንድ መሬት መሬቱን አየ።

«ሃይማኖታችን ውስጥ የሌለ ፈጠራ ነው! ዝም በይ፣ ሴትዮ!» አለ ኤልቬዲን።

«የአንተን ሰምተነዋል። የምጠይቀው እነዚህን ነው። ሙሃረም እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ደግ ነበር» አለ ዳቦ ጋጋሪው ሃሲብ። ከጎኑ ያሉት አምስት ስድስት ሰዎች ተከተሉት።

ሦስተኛውን ስትጠይቅ ግቢው በአንድ አፍ መለሰ፤ ኤልቬዲን የሚለው መሰማቱም ቀረ። ኢማሙ ከንፈራቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ አየቻቸው።

«ኤፈንዲ» አለች፣ እጇን ከሳጥኑ ሳታነሳ፣ «የእርስዎን አልሰማሁም።»