በውሃ ድስት ሥር የነደደ እንጨት

የጥቅምት ማርያም የማኅበሩ ተራ የደብሪቱ ነበር። ደብሪቱ ከቀበና በላይ፣ እንጦጦ ጥግ፣ ሁለት ላሞች ይዛ የምትኖር፣ ስሟን እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ ሴት ናት። ያን ቀን ጉድ ያደረጋትም ይኸው ስሟን መጠበቋ ነው።

ከስምንት ወር በፊት የእህቷ ልጅ ነአምን፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው መሐንዲስ፣ ጓሮዋን አስቆፍሮ ባዮጋዝ ሠራላት። የሁለት ላም እበት ብቻውን ስለማይበቃ ከታች ካለው ኩሬ የሚለቀም የውሃ አረም ተከትፎ ይቀላቀልበታል። ሁለቱ ጉድጓዱ ውስጥ ታፍነው ሲብላሉ ጋዝ ይወጣቸዋል፤ ጋዙ በቧንቧ ማድ ቤት ይገባል፤ ክብሪት ሲጫር ሰማያዊ ነበልባል ብቅ ይላል። ጭስ የለ፣ ዓይን መቆጥቆጥ የለ። ደብሪቱ በልቧ ወደደችው፤ ለሰው ግን ትንፍሽ አላለችም። የማርያም ዝክር በእበትና በበሰበሰ አረም በሰለ ቢባልስ? የማኅበሩ አንጋፋ እትዬ ሙሉጌጥ አፍንጫቸውን ይዘው ሲነሱ ታዩዋት።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠረች፤ ዘዴ ከተባለ። ወጡን ማድ ቤቱን ዘግታ በጋዙ ሠራችው። ደጅ ደግሞ እንግዳ ሁሉ እያየው እንዲያልፍ ሦስት ጉልቻ ጎልታ፣ ትልቁን ድስት ውሃ ሞልታ ጣደችና እሳት አነደደችበት። እንጨቱን ያመጡላት እማማ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸው ዛሬም ከእንጦጦ ጫፍ የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው አዝለው እየወረዱ፣ እሱን ሸጠው ያድራሉ። «ለማርያም ከሆነማ ደረቅ ደረቁን መርጬ ነው» ብለው ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። የመጨረሻውን ሸክም ሲያወርዱ ወገባቸው ቶሎ አልቃና አለ።

እንግዶቹ ገቡ። እማማ «ጥቂት ልሙቅ» ብለው እሳቱ ዳር ቀሩ። ደብሪቱ እንጀራ ለማምጣት ብቅ ስትል እግሯ ባለበት ቀረ። እማማ ወጡ እንዳያርርባት ብለው፣ ሊያማስሉላት፣ ክዳኑን ከፍተውታል። ውሃው ይንተከተካል። ውሃውን አዩ፤ እንጨቱን አዩ፤ ከዚያ እሷን።

ይሄኔ እትዬ ሙሉጌጥ ከበሩ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ምነው፣ ወጡ አልደረሰም እንዴ?» አሉ።

እማማ ክዳኑን ቀስ አድርገው መለሱት። «ደርሷል፣ ሊወጣ ነው። ግቢ አንቺ ሙሉጌጥ፣ ጭሱ ነጠላሽን ያበላሸዋል!»

ደብሪቱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። ቢጮሁባት፣ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። አሮጊቷ ለሷ ሲሉ በማርያም ቀን ዋሹ።

«ጋዝ አለኝ እማማ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከእበትና ከአረም የሚወጣ። ወጡ በሱ ነው የተሠራው። ይሄኛው… ለሰው ዓይን ነው።»

«ለሰው ዓይን» አሉ እማማ። ደብሪቱ እንጀራውን ይዛ ገባች።

መምሬ ወልደገብርኤል ማዕዱን ባረኩ፤ ተበላ። «የእንጨት ወጥ መቼም ጣዕሙ ሌላ ነው!» አሉ እትዬ ሙሉጌጥ። ደብሪቱ ጉርሻዋን መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

«በእንጨት አይደለም» አለች ሳታስበው። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ እበቱን፣ አረሙን፣ የውሃውን ድስት። ፊቷ ይነድ ነበር።

እትዬ ሙሉጌጥ አላምጠው ዋጡና፣ «ታዲያ ይሄን ነው ስምንት ወር ሙሉ የደበቅሽን? ምቀኛ! ልጁን ለኔም ላኪልኝ» አሉ። ሁሉም «ለኔም፣ ለኔም» እያለ ሳቀ። መምሬ ወጥ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ። አፍንጫውን የያዘ አልነበረም። ደብሪቱ ከመገላገል ይልቅ ይበልጥ አፈረች፤ ያ ሁሉ እንጨት ለማን እንደነደደ ጠፋባት።

ወጣች። እማማ የድስቱን ውሃ እሳቱ ላይ ደፍተው፣ ያልነደደውን እንጨት ለብቻ እየለዩ ነበር።

«ይተዉት እማማ፣ ገብተው ይብሉ እንጂ።»

«ሙሉጌጥም ጋዙን ልታሠራ ነው መሰለኝ። ሌሎቹም» አሉ። ሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማል። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ደብሪቱ አጎንብሳ እንጨቱን አብራቸው ትለይ ጀመር።

«አረሙን ከኩሬው የሚያመጣልሽ ማነው?»

«እኔው ራሴ ነኝ።»

እማማ የሸክም ገመዳቸውን ከመሬት አንስተው ክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት። «እርጥብ ነው እንግዲህ። ከእንጨት ይከብዳል?»

ይከብዳል፤ ደብሪቱ ታውቀዋለች፣ በጣም ይከብዳል። ቀና ብላ ልትነግራቸው ግን አልቻለችም።