ለየብቻ የተነጠፈ ኮባ

ሚስተር ናይር ከህንድ መጥቶ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም። ወሎ ሰፈር በተከራየው ቤት የአገሩን በዓል ኦናምን ሲያከብር ሁለት እንግዶች ጠራ፤ አከራዩን እትዬ ዘርፌንና የሥራ ባልደረባውን መምህር ዑቕባይን። ሰው ለስብሰባ እየተገደደ በሚወጣበት በዚያ በደርግ ዘመን፣ በፈቃዱ የሚመጣ እንግዳ ማግኘት ራሱ በዓል ነበር።

በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ያገኘውን ሩዝ ቀቀለ፤ የአትክልት ወጥ በየዓይነቱ ሠራ። የኦናም ምሳ በአገሩ የሚበላው በሙዝ ቅጠል ላይ ስለሆነ፣ ኮባ ፈልጎ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቅጠል አነጠፈ።

እትዬ ዘርፌ ቆመው አዩት። «ዳቦ ልትደፋ ነው?»

«የለም፣ እትዬ። ሳህን ነው። ይሄ የእርስዎ፣ ያ የእሱ፣ ይሄ የእኔ።»

«ለየብቻ? ምነው፣ ተጣላን እንዴ?»

ዑቕባይ ሳቀ። «እኔስ ምን አጥፍቼ ነው የተለየሁት?»

ናይር ደነገጠ። በእናቱ ቤት ከሰው ቅጠል ላይ መብላት ነውር ነው፤ እዚህ ደግሞ ነውሩ ለብቻ መብላት ሆነ። እንግዶቹ ሳይቀምሱ ቢወጡ በዓል ብሎ ነገር የለም። ሦስቱን ቅጠሎች ጎትቶ ጫፍ በጫፍ ደራረበና ሩዙን መሃል ላይ ገለበጠው።

«አሁን ሰው ሆንክ» አሉ እትዬ ዘርፌ። ተቀመጡና ከአፉ የሚበልጥ ጉርሻ አጎረሱት።

«ለሚመጣው ዓመት አንድ ትልቅ ኮባ ይበቃሃል» አለ ዑቕባይ።

የናይር አፍ ገና ሙሉ ነበር። እጁ ግን ሩዝ ጠቅልሎ ወደ ዑቕባይ አፍ እየሄደ ነበር።