ከአዋጁ በፊት የሄደው ዘይት

የሚስቴ ወንድም ሙሕሪዝ የገንዘብ ሚኒስትር መሆኑን የሰማነው ከሬዲዮ ነው። በቱኒዚያዋ የወደብ ከተማ በስፋክስ፣ በእሱ የወይራ መጭመቂያ ግቢ ውስጥ ቆመን ነበር፤ እሱም አብሮን ቆሟል። ስሙ ሲጠራ ወደ ሚስቴ ወደ ሸድልያ ዞር ብሎ፣ "እኔን ነው እንዴ?" አላት።

ለካ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀደም ብለው ደውለው ጠይቀውት ነበር። እሱም "ላስብበት" ብሏቸዋል። እሱ ገና እያሰበ ነው፤ እነሱ ግን እሺ ያለ መስሏቸዋል። ሠራተኞቹ እልል ሲሉ፣ መዳፉ በዘይት እንደራሰ ከአንዱ ጋር ሲጨባበጥ፣ እምቢ የማለቱ ጊዜ አለፈ።

ሙሕሪዝ ዕድሜውን በሙሉ የወይራ ዘይት ነጋዴ ነበር። ዘይት በምላሱ ጫፍ ቀምሶ ከየት መንደር እንደመጣ ይነግርሃል። ሻጭ ፊቱ ተቀምጦ ሲምል ሲገዘት ዝም ብሎ ያዳምጥና አንድ ዋጋ ይጠራል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እንዲህ ያለው ሰው ነው ዋና ከተማው ቱኒስ ሄዶ ትልቅ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው። መጭመቂያውን አብራው ስትሠራ ለነበረችው ለሸድልያ ተወላት። እኔ ከባቡር መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ሥራዬ እሷን ማድረስና መመለስ ሆነ።

አንዳንድ እሑድ ይመጣል። "ፍርጃኒ፣ እዚያ እምቢ የሚል ሰው የለም" ይለኛል፣ የዓሣውን እሾህ እየለቀመ። "ገበያ ላይ ሰው እምቢ ሲልህ ጨዋታው ተጀመረ ማለት ነው። እዚያ ሁሉም 'እሺ ክቡር ሚኒስትር' ይላል። ከዚያ ምንም ነገር አይሆንም።"

"ተቆጣቸዋ!"

"ተቆጣኋቸው። 'ልክ ነዎት ክቡር ሚኒስትር' አሉኝ።"

በዚያ ዓመት አውሮፓ ውስጥ የወይራ ዘይት ዋጋ ሰማይ ነካ። ነጋዴው ያለውን ሁሉ እየጫነ ሲልክ አገሬው በገዛ አገሩ ዘይት ብርቅ ሆነበት። ሙሕሪዝ ወደ ውጭ በሚወጣ ዘይት ላይ ቀረጥ ለመጣል ቆርጦ ነበር። ይህን ግን እኛ ቤት የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደወለ። ሸድልያ ዓሣ እየጠበሰች ስለነበር የስልኩን ድምፅ ከፍታ አጠገቧ አስቀምጣ ጮክ ብላ አናገረችው። ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቃት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቃት። ከዚያ "የዘይት ማጠራቀሚያዎቹ ሞልተዋል?" አላት።

"እስከ አፋቸው!" አለችው።

"እሺ። እሺ በቃ" ብሎ ዘጋ።

በዚያው ሳምንት ሸድልያ ዘይቱን በሙሉ ለአንድ ጣልያናዊ ሸጠችው። ሰውየው ስንት ጊዜ ሲለምናት የከረመ ነው፤ አሁን ደግሞ ዋጋ ጨመረ። መርከቡ ወደቡን በለቀቀ በማግሥቱ የቀረጡ አዋጅ ወጣ።

መጀመሪያ የስፋክስ ነጋዴ ሁሉ ተነሣብን። ሙሕሪዝን የገዛ ወገኑን ያረደ አሉት። ጎረቤታችን ዘይት ነጋዴው ሐጅ ቡራዊ ሰላምታ ነሣኝ። ቀጥሎ ጋዜጦቹ የሚኒስትሩ ዘይት ከአዋጁ በፊት አገር ጥሎ መውጣቱን ጻፉ። በዚያ ቀን ሐጅ ቡራዊ መንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝ። "እናንተ ጉዶች! ለእኛስ ሹክ ብትሉን ምን ነበረበት?" አለኝ። ሰላምታ ሲነሣኝ ይሻል ነበር።

ሙሕሪዝ ያለ አጃቢ፣ ራሱ መኪና እየነዳ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ሸድልያ ፊት ቆመ።

"ለምን ሸጥሽው?"

"ዋጋው ጥሩ ነበራ! አንተስ ማጠራቀሚያው ሞልቷል ወይ ብለህ ለምን ጠየቅኸኝ?"

"ድሮም እጠይቅሽ የለም እንዴ?"

"ሚኒስትር ከሆንክ ወዲህ ጠይቀኸኝ አታውቅም።"

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "እንድትሸጪው ፈልጌ ይሆን እንዴ?" አላት።

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ?"

"ማንን ልጠይቅ ታዲያ? እኔ እንደ ልማዴ የጠየቅሁ ነው የሚመስለኝ። ግን አዋጁ ያኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ ሸድልያ። እያየሁት ነው የደወልኩልሽ።" ወደ እኔ ዞረ። "ፍርጃኒ፣ አንተ ሰምተሃል። ድምፄ ምን ይመስል ነበር?"

እውነቱን ነገርኩት። ዓሣው ምጣዱ ላይ ይንጫጫ ነበር፤ ድምፁን ልብ አላልኩትም። ፊቱን ሳይ ውሸት ብነግረው ምን ነበረበት አሰኝቶኛል፤ ግን የትኛው ውሸት እንደሚጠቅመው እንኳ አላውቅም ነበር። ሸድልያም እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዋን ታወራ ጀመር፦ "ለምን ጠየቀኝ ብዬ ነበር እኮ። ጣልያኑ ሲደውልስ? ያኔ አስቤው ነበር ወይስ አላሰብኩትም?"

ሥልጣኑን ልልቀቅ ሲላቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ "ከለቀቅህ ጥፋተኛ ትመስላለህ" ብለው ከለከሉት። እሺ ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ግን በገዛ ጥያቄው ተነሥቷል ሲባል አሁንም ከሬዲዮ ሰማ። መርማሪዎች መጡ፣ ሁላችንንም ጠየቁን፣ ምንም አላገኘንም ብለው ሄዱ። አዲሱ ሚኒስትር ደግሞ ቀረጡን ሠረዘው።

ሙሕሪዝ ግን እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ ሸድልያን አሳምኖ፣ በዚያ ዘይት ላይ ሊከፈል ይገባ የነበረውን ቀረጥ ልንከፍል ሦስታችንም ወደ ግብር ቢሮ ሄድን። ሰው ሁሉ እያየው ተሰለፈ። መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ አወቀችው፤ ግራ ቢገባትም በአክብሮት "ሲ" ብላ ጠራችው።

"ሲ ሙሕሪዝ፣ ምን ብዬ ልቀበልዎት? ዘይቱ ሲወጣ ሕጉ አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

"አሁንም የለም።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

"ሕጉ በነበረበት ጊዜ ደግሞ እናንተ ዘይት አልነበራችሁም።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ሚኒስትሩ ልዩ ውሳኔ ካልሰጡበት በቀር..."

"እኔ ብሆን እሰጥሽ ነበር" አላት። ልጅቷ መሳቅ ይኑርባት አይኑርባት ስላላወቀች መሬት መሬት አየች። ከኋላችን አንድ ሰው "ከፋይ ተገኝቶ ይመለሳል?" ብሎ ጮኸ። ወጣን።

መኪና ውስጥ ሸድልያ፣ "መንግሥት ካልፈለገው ሴቶቹ ይፈልጉታል" አለች። በሚቀጥለው የለቀማ ወቅት እሷና ሙሕሪዝ በዚያ ገንዘብ ወይራ ለሚለቅሙት ሴቶች ደመወዝ ጨመሩ። ወዲያው ከተማው ሙሕሪዝ ለፓርላማ ሊወዳደር ነው ብሎ አወራ። ሐጅ ቡራዊ ከነልጆቹ ድምፅ እንደሚሰጠው ቃል ገባለት። ሌሎች ደግሞ ሌባ ንስሐ ሲገባ እንዲህ ነው አሉ።

አንድ ጠዋት የወይራ እርሻው ላይ ሙሕሪዝን አገኘሁት። መብሩካ የምትባል አንጋፋ ለቃሚ መሰላል ላይ ሆና ወይራውን ወደ መረቡ ታወርዳለች፤ እሱ ከሥር ቆሞ ያያታል።

"ሲ ሙሕሪዝ፣ ፓርላማ ሊገቡ ነው አሉ። እውነት ነው?" አለችው።

"አላውቅም፣ መብሩካ።"

"እርስዎ ካላወቁ ማን ያውቅልዎታል?"

ከመረቡ ውጭ የወደቀ አንድ ወይራ አንሥቶ ወደ መረቡ ወረወረ።

"እንግዲያው እስኪያውቁ ድረስ ይቺን መሰላል ይያዙልኝ" አለችው። "ትነቃነቃለች።"

ኮቱን አውልቆ ለእኔ ሰጠኝና መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ።