አማራጭ ይዞ የማይመጣ በሽተኛ

ፀሐይ ከሕክምና ኮሌጁ የዋንዛ ዛፎች ጀርባ ቀስ እያለች ስታዘቀዝቅ፣ እኔ ጥላዬ፣ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒና የጥራዝ ሱቅ ያለኝ፣ ራሴ ከስምንተኛ ክፍል ሳልዘልቅ የሐኪም ደብተር በሺሕ ያባዛሁ ሰው፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ በሐሳብ እታመስ ነበር።

ጥፋቴን ላውጣው። ተማሪዎቹ ለሙያ ፈቃድ ፈተና ሲዘጋጁ፣ ዓምና ከተፈተኑት አእምሮ የተለቀመ የጥያቄ ጥራዝ አለቻቸው፤ የማባዛው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞ እጄን ሲበላኝ፣ ከሽሮፕ ካርቶንና ከቅባት ብልቃጥ ላይ ቃላት ለቃቅሜ «የቲላየንስ ትኩሳት» የሚባል በሽታ ፈጠርኩ። መንስኤው የተቆላ ሽምብራ በልቶ በግራ ጎን መተኛት፤ ምልክቱ የግራ ጆሮ መርገብገብ። አራት አማራጭ ሰጠሁት፣ መልሱን «ሐ» አልኩና መቶ አሥራ ስምንተኛ ጥያቄ አድርጌ ሰካሁት። ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ሸመደዱት! «ዓምናም ወጥቷል» ብሎ በእናቱ የማለ አለ። በየቀኑ «ጋሽ ጥላዬ» እያሉ ከሚጠሩኝ ሁለት መቶ ተማሪዎች አንዱ እንኳ በሽታው ስሜን እንደያዘ አላስተዋለም።

ይኼ ሲያስቀኝ ከረመ። ያን ቀን አመሻሽ ላይ ግን ማሳቁ አበቃ። የእኅቴ ልጅ መክሊት፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ ከሱቁ ጥግ ተቀምጣ ጥራዟን ስታነበንብ የኮሌጁ ሆስፒታል አዋላጅ ሲስተር ውድነሽ ከሥራ ስትወጣ ብቅ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነይ። አንዲት እናት አስተኝተናል፤ ልጁ በመቀመጫው ነው የዞረው። እጅሽን ይዤ አሳይሻለሁ።»

«ሲስተር፣ ተረኝነቴን ለሮቤል ሰጠሁት እኮ።»

«ሮቤልማ ለሌላ ሰጠው። ያ ሌላውም ለሌላ! ይኼ ተራ ዞሮ ዞሮ ዘበኛው ጋ ሳይደርስ አይቀርም። ለመሆኑ ስንት አዋልደሻል?»

«ሁለት።» ዓይኗን ወደ ጥራዟ መለሰች። «አንዱን እንኳ ቆሜ ነው ያየሁት።»

«በሦስት ሳምንት ፈተና፤ ከዚያ ገጠር ሆስፒታል ብቻሽን። ያኔ የእኔን እጅ ከየት ታመጪዋለሽ?» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

«ሂጂ እንጂ» አልኳት።

«ጋሼ፣ በመቀመጫ የዞረ ልጅ ከመቶ አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱም ከመጣ! ጓደኛዬ ሰብለ በሁለት ነጥብ ወድቃ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀምጣለች። ሳላልፍ የማንን ሆድ ልነካ? አሁን ስለ ቲላየንስ ትኩሳት ጠይቀኝ።»

ይኼን ስትል እንቅልፍ ጣለኝ ብል ውሸት ነው፤ ዕፍረት ነው የጣለኝ። ከወረቀት ክምሩ ጀርባ ጋደም አልኩ፤ ዓይኔም ተከደነ።

እነሆም፣ ጭጋግ ከሸፈነው ሜዳ ላይ አንድ ሽማግሌ በግራጫ በቅሎ ተቀምጦ ሲመጣ አየሁ። ነጭ ካፖርቱ እስከ ጉልበቱ ይወርዳል፤ ከኮርቻው ላይ መርፌ መቀቀያ ብረት ድስቱ ይንቃጨላል። በልጅነቴ ወረዳችንን ሁሉ ብቻውን ያክም የነበረው፣ ከሞተ ሠላሳ ዓመት የሆነው ድሬሰር ሀብተየስ ነበር! ሳላስበው ሁለት እጄን ወደ ኋላ ልኬ ቂጤን ሸፈንኩ።

«አትፍራ፣ ዛሬ አልወጋህም» አለኝ። «ና ተፈናጠጥ፤ የሥራህን ፍሬ ላሳይህ።»

በቅሎዋ ሦስት ጊዜ ብትራመድ ሦስት ወንዝ ተሻገርን፤ ከአንዲት ታላቅ ከተማም ደረስን። በበሩ ላይ በሽተኞች እንደ ጉንዳን ተሰልፈዋል፤ እያንዳንዱም ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ የተጻፈበት ሰሌዳ ባንገቱ አንጠልጥሏል። እሾህ የወጋው አንድ ገበሬ ግን ባዶ አንገቱን ቆሞ ዘበኛው ይገፋዋል። «እሾህ ባለፉት ዐሥር ዓመታት አልተጠየቀም! ሲጠየቅ ተመለስ!»

«አባቴ፣ ይህች አገር ምንድን ናት?» አልኩ።

«ሐኪሞቿ የሚጠየቀውን ብቻ የተማሩባት አገር ናት» አለኝ ድሬሰሩ። «በዚህ በቀኝ ያለው የልብ ሰፈር ነው፤ ልብ ብዙ ጥያቄ አለው።» ባየው፣ አርባ ሐኪሞች አንዱን ምስኪን ከብበው ልቡን በየተራ ያዳምጣሉ፤ ሰውዬውም «ኧረ ልቤስ ደኅና ነበር፤ እናንተ ናችሁ ያደከማችሁት!» እያለ ይማጸናል። በግራ ያለው የእግር ሰፈር ደግሞ ሣር በቅሎበት ፍየሎች ይግጡበታል።

ከመካከል ደመና የሚነካ ሕንጻ ቆሟል፤ ደጃፉ በወርቅ ቀለም «የቲላየንስ ትኩሳት ሆስፒታል» ይላል። በውስጡ ሦስት መቶ አልጋ ተነጥፏል፤ አንድም በሽተኛ የለም፤ ሐኪሞቹ ግን የግራ ጆሯቸውን እርስ በርስ እየተመለካከቱ ቀንም ሌትም ይከራከራሉ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ውሸቴ ፎቅ ሠርቶ ሳየው ግን ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከጓሮ የሴት ጩኸት ተሰማ። ሮጥን። ምጥ የያዛት እናት ምንጣፍ ላይ ተንበርክካለች፤ ከፊቷ የቆመችው ሐኪም መክሊት ናት፤ ጓንቷ ከነማሸጊያው እጇ ላይ ነው።

«ዶክተር፣ ልጄ እየመጣ ነው!» ትላለች እናቲቱ።

«እሺ እናቴ፤ አማራጮቹን ብቻ ንገሪኝ» ትላለች መክሊት፣ እንባዋ እየወረደ።

«መክሊት! ጥራዙን ጣይና እጅሽን ዘርጊ!» ብዬ ጮኽኩ። ድምፄ ግን እንደ ቀለም እንዳለቀበት ማሽን ባዶ ወረቀት ሆኖ ወጣ። ድሬሰሩ በክንዴ ይዞ አወጣኝ።

«ልጁስ? ልጁ ምን ሆነ?»

«ገና አልተወለደም» አለ። «ለዚህ ነው ዛሬ የጠራሁህ።»

ከዚያም አራተኛውን ወንዝ ተሻገርን፤ አየሩም ጠራ። በዚያኛው ማዶ ተማሪዎች ወደ ሕሙማን ክፍል እንደ ሠርግ ቤት ይሽቀዳደማሉ፤ አንዱ ሌላውን «ተረኝነትህን ስጠኝ፤ ምሳ እጋብዝሃለሁ!» እያለ ይለምናል።

«እነዚህ የማይፈተኑ ብፁዓን ናቸው?» አልኩ።

«የማይፈተን ሐኪምማ እግዜር አያምጣብህ!» ብሎ ሳቀ። «የመድኃኒቱን ልክ የማያውቅ እጅ፣ ምን ቢለሰልስ ገዳይ ነው። ፈተናውን አልሻርነውም፤ አስታረቅነው። ጥያቄውን የሚያወጡት በየጤና ጣቢያው የሚሠሩት ናቸው፤ በዓመት ውስጥ በራቸውን ያንኳኳው ሁሉ ይጠየቃል፤ እሾህም ጭምር። ግማሹ በወረቀት ነው፤ ግማሹ በአልጋ ዳር።»

«የወደቀስ ዓመት ይቀመጣል?»

«ለምን ይቀመጣል? የጎደለውን ሊማር ከበሽተኛ ዘንድ ይመለሳል፤ ከሦስት ወር በኋላ በጎደለው ብቻ ይፈተናል። ውድቀት እንደ ገደል ሲሆን ሰው መንገዱን ትቶ ገደሉን ብቻ ያያል፤ እኛ ደረጃ አደረግነው።»

በአንድ አልጋ ላይ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት፣ ከመምህራኑ ጋር ነጥብ የሚሰጡ በሽተኛ፣ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ጎረምሳ ሆዳቸውን ዳሰሰ።

«በሽታዬን አውቀሃል፣ ተባረክ» አሉት። «ነገር ግን እጅህ እንደ እንቁራሪት ይቀዘቅዛል፤ ምን ልታደርግ እንደሆነም አልነገርከኝ። ውጣና አሙቀህ ተመለስ!» ጎረምሳው እየሳቀ እጁን እያፋተገ ወጣ፤ ክፍሉ ሁሉ አብሮት ሳቀ።

«እኔስ እዚህ አገር ምን ሠርቼ እበላለሁ?» አልኩ፤ የሱቄ ነገር ታይቶኝ።

«ከየበሽተኛው የተማሩትን ይጽፋሉ፤ አንተ ታባዛለህ። ግን ከራስህ አንዲት መስመር ብትጨምር…» ብሎ ወደ ብረት ድስቱ እጁን ሲሰድ፣ ብንን አልኩ።

ነግቷል። መክሊት ጥራዟ ላይ ግንባሯን ደፍታ አሸልባለች። ትከሻዋን ነካሁና፣ ሳልቀባባ፣ «መቶ አሥራ ስምንተኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምን?»

«ከሽሮፕ ካርቶን ላይ።»

አየችኝ። ገጹን አየች። ደግሞ አየችኝ። «ቲላየንስ… ጥላዬ! ጋሼ፣ መልሱ ‹ሐ› ነው ብዬ እኮ ከሮቤል ጋር ሦስት ቀን ተኳርፌያለሁ!» ብላ በጥራዟ ጀርባዬን ወቃችኝ፤ ሳቋም ሆዷን አስያዛት። ሳቋ ሲበርድ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ እናቲቱ ዘንድ ስደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ለሁለት ሩብ ጉዳይ።»

ጋውኗን አንድ እጇን ብቻ አጥልቃ መንገዱን በሩጫ ተሻገረች።

ቀኑን ሙሉ ለመጣ ተማሪ ሁሉ ተናዘዝኩ። አንዱ ተሳደበ፣ አንዷ ሳቀች፤ አንዱማ «ቢሆንም ገጹን አትገንጥልብኝ፤ ምናልባት ዘንድሮ ቢወጣስ?» አለኝ።

ወደ ሰባት ሰዓት ግድም መክሊት መጣች። ፀጉሯ ተበታትኗል፤ እጇን እንደ አዲስ ዕቃ ከፊቷ ዘርግታ ትመለከተዋለች።

«በመቀመጫው ወጣ፣ ጋሼ። ራሱ ጋ ሲደርስ ልጎትት ነበር፤ ሲስተር ‹አትጎትቺ፣ ደግፊ!› ብላ እጄን ያዘችኝ። አትጎትቺ የሚለውን አንብቤዋለሁ፣ በቃሌም አውቀው ነበር። እጄ ግን አያውቅም ነበር።»

«ሕፃኑስ?»

«እንዴት እንደሚጮኽ ብትሰማ!» አለችና፣ ቆማ ዳቦ እየገመጠች፣ «ነገም ተረኛ ነኝ፤ ጥራዙን ማታ አነባለሁ» ብላኝ ተመለሰች።

እንግዲህ ፈተና የምታወጡ ሊቃውንት ሆይ፣ ይህ የውሸታም ራእይ ነው ብላችሁ አትለፉት። ውሸታም መሆኔን እኔም አልክድም። ዛሬ ጠዋት የተወለደው ልጅ ግን እውነት ነው፤ ከሱቄ ደጃፍ ሆኜ ጩኸቱ ይሰማኛል።