ካልሲ የሚያነጣ ውሃ

...ይቅርታ ሲስተር፣ እጅ ጽሑፌ አያምርም፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፣ ስምንተኛን የጨረስኩት በመከራ ነው፣ ብላ ትጽፍና ታቆማለች፣ ምን ዓይነቷ ነኝ፣ ልጅ እየሞተ ስለ ፊደል ይቅርታ ይጠየቃል? እየሞተ አትበይ። አትበይ። የስሚንቶ ከረጢቱ ቅዳጅ ላይ እስክሪብቶው ይንሸራተታል፣ እስክሪብቶው አይደለም እጇ ነው፣ ላብ ነው፣ ማሙሽ ፍራሹ ላይ ጉልበቱን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል፣ ከጠዋት ጀምሮ ስንቴ ባልዲው ላይ እንዳስቀመጠችው አታውቅም፣ መቁጠር ትታለች፣ አሁን የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው፣ የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውሃ፣ ይሄን ሁሉ ውሃ ይሄ ትንሽ ገላ የት ደብቆት ኖሯል። ወንድሜ ታሟል፣ ቶሎ ድረሽልን፣ ብላ ትጨምራለች። ማን ሊያደርሰው? ጤና ጣቢያው ከድልድዩ ማዶ ነው፣ አባቷ በሩ ላይ ነው። ወረቀቱን ጨምድዳ ጉያዋ ውስጥ ትወሽቀዋለች።

አባቷ በሩ ላይ ዱካ ስቦ ተቀምጧል፣ ጀርባውን ለቤቱ፣ ፊቱን ለዝናቡ ሰጥቶ፣ ግንበኛ ነው፣ ጀርባው ራሱ ግንብ ነው፣ ማን ያልፈዋል። እናቷ ብትኖር ታልፈው ነበር፣ እናቷ ሰው አገር ሰው ቤት ታጥባለች። ስልኩ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ስልኩ ያወራል፣ ሁሌ ያወራል፣ የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ይላል ሊቀመንበሩ፣ ጉድጓዳችንን በገዛ እጃችን ቆፍረናል፣ ንጹሕ ውሃችን የማንንም ባዕድ ጠብታ አይሻም፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ጉልጭ፣ ጉልጭ፣ እንደገና ጭብጨባ። ሊቀመንበሩ ካሜራ ፊት አንድ ብርጭቆ ጠጣ። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው የጉድጓዱ ውሃ ይሁን የሱቅ፣ ማን አየ? ይሄን ታስብና ደንግጣ ዙሪያዋን ትቃኛለች፣ ሐሳቧን የሚሰማ ሰው ያለ ይመስል።

ማሙሽም ከዚያው ጉድጓድ ነው የጠጣው። ከትናንት ወዲያ ተማሪዎቹን አሰልፈው ለምረቃው ወሰዷቸው፣ ዘምሩ አሏቸው ዘመሩ፣ ጠጡ አሏቸው ጠጡ፣ እየሮጠ ነው ቤት የገባው፣ እኔ እኮ ሁለቴ አስደገምኩ፣ እህቴ ሙች፣ እሷም ፈገግ አለች፣ ፈገግ አለች! አፉን ከፍታ ጣቷን መክተት፣ ማስተፋት ሲገባት። ቤት ቢጠጣ ምንም አይሆንም ነበር። ምክንያቱም የቤቱ ውሃ፣ ሆድ ይፍጀው እንጂ፣ የቤቱ ውሃ ጠብታ አለበት። ዝናቡ ሳይገባ ጀምሮ።

ሲስተር ቧንቧው ጋ ስትመጣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እያነሱ ዞር ዞር አሉ፣ እሷ ብቻ ቀረች፣ ደፍራ አይደለም፣ መሄዱንም አፍራው ነው፣ ሲስተር የውሃ ማከሚያ ጠብታ ያለባትን ትንሽ ጠርሙስ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት፣ አንድ ክዳን ለአንድ ጀሪካን፣ ግማሽ ሰዓት ታቆዪዋለሽ፣ ከዚያ መጠጣት ነው፣ ገባሽ የኔ ልጅ? ራሷን ነቀነቀች። ገብቷት ይሁን አፍራ አታውቅም። ጠርሙሷ አሁን ከሰል ጆንያው ውስጥ ናት፣ አባቷ ከሰል አይነካም።

ያኔ ካልሲው አልመጣም ነበር። ካልሲውን ያመጣው ፕሮፌሰር ነው፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ፕሮፌሰር የሚሉት ስክሪን ሲቀይር መነጽር ስለሚያደርግ ነው፣ የዚያን ጠብታ ሙሉ ጠርሙስ፣ በውሃ ሳያቀጥን፣ ቀይ ካልሲ ላይ ገለበጠና ስልኩን ደቀነ፣ ተመልከቱልኝ ወገን፣ ካልሲን እንዲህ ካደረገ አንጀትን ምን ሊያደርግ ነው? ቀዩ እያዩት ሄደ፣ ገረጣ፣ ነጣ፣ ሴቶቹ ኡኡ አሉ፣ አንዷ፣ ታዲያ እኔ በረኪና በከንቱ ነዋ የምገዛው፣ አለች፣ ተሳቀ፣ ሳቁ ሳይበርድ አንዱ ከኋላ፣ ሴትም ያመክናል በላ ፕሮፍ፣ ሙሉ ይሁን እንጂ፣ አለ፣ ለቀልድ ነበር፣ ሲመሽ ቀልዱ ቪዲዮው ስር ተጽፎ አነበበችው፣ በማግስቱ ጥናት አረጋግጧል የሚል ተጨመረበት። የማን ጥናት? ማንም አልጠየቀም። እሷም አልጠየቀችም፣ ጓዳ ገብታ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

ከዚያማ በየአጥሩ በር የነጣ ካልሲ ተሰቀለ፣ የሰቀለ የእኛ ነው፣ ያልሰቀለ የእነሱ ነው፣ ጸጉር ሠሪዋ የሁለቱንም እግር ሰቀለች፣ ታማኝነቷ እንዳያነክስ። በባለሱቋ መደርደሪያ ስር ግን አንዲት ጠርሙስ ተገኘች፣ አንዲት፣ በርሜሏን ደፉት፣ በሯ ላይ መርዘኛ ብለው በቀይ ቀለም ጻፉ፣ ልጆቿን ይዛ ወጣች፣ ወዴት እንደሄደች ማንም አያነሳም፣ ሱቁን አሁን የያዘው ፕሮፌሰር ነው። አባቷም ሰቅሏል፣ የማሙሽን ካልሲ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ከጀሪካኑ በጣሳ ይቀዳና ቀይ ክር ይነክርበታል፣ ይጠብቃል፣ እሷ ልብሷ ውስጥ ትቀልጣለች፣ ክሩ ቀይ እንደሆነ ይወጣል፣ ይኸው ይላል፣ የማንም እጅ ያልነካው ውሃ፣ ይጠጣል፣ ከንፈሩን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል።

ውሃ፣ ይላል ማሙሽ። በትንፋሽ ብቻ። ውሃ።

ውሃ ክልክል ነው። ፕሮፌሰር ቅድም መጥቶ ከልክሏል፣ ስማ ጋሼ፣ የሚወጣው ውሃ አይደል? እንግዲያው አታስገባ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ውሃ ይደፋል እንዴ? ሆዱ ይድረቅ፣ ነገ ኳስ ሲያባርር ታየዋለህ። ግንበኛ ስለ ጣሪያ ሲነግሩት ይገባዋል፣ አባቷ ራሱን ነቀነቀ። ሲስተር ግን ያን ቀን ቧንቧው ጋ፣ ተቅማጥ ከመጣ የወጣውን መተካት ነው ብላ ነበር፣ ስኳርና ጨው በጥብጦ በትንሽ በትንሹ፣ ብላ ነበር አይደል? ጨው ነው ያለችው? ስንት ማንኪያ? ሳይገባት ነቅንቃ ከሆነስ? ደግሞስ ሲስተር ልክ ፕሮፌሰር ስህተት መሆኑን እሷ በምን ታውቃለች፣ ሁለቱም አፋቸውን ሞልተው ነው የሚናገሩት፣ ሁለቱም ነጭ ጋዋን አላቸው፣ ፕሮፌሰርም አሁን አሁን ነጭ ጋዋን ይለብሳል።

የጨርቅ ጫፍ ትነክርና ከንፈሩ ላይ ታሳርፋለች፣ ይጠባዋል፣ እንደ ጡት።

ምን እያደረግሽ ነው? ምንም አባባ። ጨርቁን በምን አራስሽው? ከንፈሩ ደርቆ ነው። ተይ ተባልሽ አይደል? ተይ። ልትገይው ነው? ዞሮ ያያታል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻላት ነበር፣ ፈርቷል፣ አባባ ፈርቷል፣ አባት ከፈራ ቤቱን ምን ይዞ ያቆመዋል።

የማሙሽን የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ትለቃለች። አይመለስም። እንደታጠፈ ጨርቅ ቆሞ ይቀራል። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ያለቅሳል፣ እንባ የለውም፣ እግሩ በረዶ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ በሰማይ ውሃ፣ በመንገድ ውሃ፣ በጀሪካን ውሃ፣ ልጁ ግን ውሃ አጥቶ።

ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ድምፅ አውጥታ ነው ያለችው? አዎ፣ አባቷ ሰምቷል።

ለእነሱ? ልስጣቸው? ይሄን ያደረጉት እነሱ አይደሉ እንዴ፣ ትምህርት ቤት ጠብታቸውን አጠጥተውት ነው፣ ፕሮፌሰር ነገረኝ፣ አንዲት ክዳን የቀመሰ ሳምንት አይከርምም፣ ጨምሩለት ብዬ ልውሰደው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ልጄ።

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከአባቷ ጋር ማን ተከራክሮ ያውቃል፣ እሷማ ከባለታክሲ መልስ መጠየቅ የማትችል፣ ቧንቧው ጋ ተራዋን ሲቀሟት ዝም የምትል፣ ጭምቷ ይሏታል፣ በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ትላት ነበር እናቷ፣ እማዬ፣ ዝግ አፍ ሰው ይገድላል እኮ። አንዲት ክዳን የቀመሰ ሳምንት አይከርምም። አንዲት ክዳን። ብትናገር ምን ይመጣል፣ ይመታታል፣ ይሁን፣ ያባርራታል፣ የት ትሄዳለች፣ ይነግራቸዋል፣ ይመጣሉ፣ ስልካቸውን ይደቅኑባታል፣ ፊቷን፣ ሰፈሩ ሁሉ ፊቷን ያያል፣ በሩ ላይ በቀይ ይጽፋሉ፣ ማሙሽ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፣ አሁን ደግሞ ቆመ፣ ለምን ቆመ? ማሙሽ? ማሙሽዬ? ዓይኑ ተከፍቷል ግን እሷን አያይም።

አባባ።

አይሰማም። ስልኩ ያጨበጭባል።

አባባ። አንተም ጠጥተሃል።

ምኑን?

ጠብታውን፣ አንተም፣ እኔም፣ እሱም፣ ዝናቡ ሳይገባ ጀምሮ፣ እኔ ነኝ፣ በየጀሪካኑ አንዳንድ ክዳን፣ ጠጥተህ ስሚንቶ ተሸክመሃል፣ እሱ ጠጥቶ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ከርሟል፣ ሳምንት አይከርምም አልክ፣ ይኸው ከረምን፣ ያመመው ቤት አይደለም፣ እዚያ ነው፣ ጠብታ የሌለበት፣ በእናቴ አባባ፣ እኔን የፈለግከውን አድርገኝ፣ እሱን ውሰደው።

ከዚህ ሁሉ ቃል ግማሹን እንኳን በአንድ ቀን ተናግራ አታውቅም። ጭንቅላቷን በክንዷ ትሸፍናለች። ዱካው ይወድቃል፣ እግሩ ይመጣል፣ የሥራ ጫማው፣ ደረቅ ስሚንቶ የጋገረበት፣ አጠገቧ ይቆማል፣ ትጠብቃለች፣ እጁ አይመጣም። ለምን አይመጣም? ጫማው ያልፋታል። ቀና ስትል ጎንበስ ብሎ ነው፣ ማሙሽን በሥራ ጃኬቱ እየጠቀለለ፣ ጡብ ለመደርደር ብቻ የተሠሩ የሚመስሉት እጆች ዚፑን መዝጋት አቅቷቸዋል፣ እሷ ትዘጋለታለች። ስልኩ መሬት ላይ ተደፍቶ ያወራል፣ የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ማንም አያነሳውም።

በሩ ላይ ይቆማል። ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ሳይዞር፣ ዝናቡን እያየ። መርዝ ቢሆን ኖሮስ? ይላል፣ ድምፁ ትንሽ ነው፣ የእሷን ያህል ትንሽ፣ አታውቂም ነበር እኮ፣ ማንን አምነሽ ነው?

አላውቅም ነበር አባባ፣ ትላለች፣ ይሄን ለማንም፣ ለሲስተርም፣ ለማሙሽም፣ ተናግራ አታውቅም፣ አሁንም እፈራዋለሁ፣ ለዚህ እኮ ነው ጠዋት ከሁላችሁ ቀድሜ የምነሳው፣ ከጀሪካኑ አንድ ጣሳ እጠጣና ሆዴን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ካልሞትኩ እቀሰቅሳችኋለሁ።