የጓሮው እንግዳ

«አትንካው አልኩህ እኮ!»

ሙሀይሚን ሜትሩን በአቮካዶው ግንድ ላይ አዙሮ ጫፍና ጫፉን ሊያገናኝ ሲል የዙለይሃ ጩኸት ከቤቱ በር ላይ መጣ። እጁ ባለበት ቀረ። ዞር ብሎ ሲያያት ግራ የተጋባ ይመስል ነበር፤ ከጧት ጀምሮ አንድ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም ነበርና።

ልጁ የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው። በሐይቅ ዙሪያ ባሉ ጓሮዎች ምን ምን ዓይነት ዛፍ እንዳለ፣ የእያንዳንዱም ግንድ ደረት ከፍታ ላይ ሲለካ ምን ያህል እንደሚወፍር ያጠናል። ጧት በር ሲያንኳኳ ዙለይሃ በደስታ ነበር ያስገባችው። የባሏ አባት የተከለውን ዋንዛ፣ ከሥሩ የተጠለለውን ቡና፣ ጌሾውን፣ ብሳናውን፣ ጊሽጣውን፣ ዘይቱኑን፣ ሎሚውን፣ ቁልቁል ወደ ሐይቁ የሚወርደውን የማንጎ ተራ ራሷ እየመራች አሳየችው። «እናቴ፣ ይሄ ጓሮ አይደለም፣ ጫካ ነው» ሲላት ስቃ ነበር። ብቻ በበሩ በኩል ያለችውን ጥግ ዘላት ነበር ያለፈችው። ቡና ልታቀምሰው ስትገባ ልጇ ረቢያ ወደዚያው ይዛው ሄደች።

«እማ፣ ምን ነካሽ?» አለች ረቢያ አፍራ። «መለካት እንጂ መቁረጥ መቼ አለ? ለመቁረጡስ ግንበኛው ሰኞ ይመጣል።»

«ይቅርታ እናቴ፣ ይሄ ብቻውን እንዳይቀር ብዬ ነው» አለ ሙሀይሚን። ሜትሩን አንብቦ ቀና አለና ዛፉን እስከ ጫፉ አየው። «ትልቅ ነው። መቼ ነው የተተከለው?»

«ቆይቷል።»

«አሥር ዓመት ያልፈዋል?»

«ያልፈዋል» አለች ዙለይሃ መሬት መሬት እያየች።

«ኧረ እማ!» ረቢያ ሳቀች። «እኔ ሪያድ ስሄድ እዚህ ጋ የጎመን መደብ ነበር እኮ። ዛፍ የሚባል አልነበረበትም።»

ልጁ እንደገና ግንዱን አየ፤ በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «እንግዲያ በጣም ልጅ ነው! በዚህ ዕድሜ እንዲህ የወፈረ አቮካዶ በሐይቅ ዙሪያ አላየሁም» አለ እየተደነቀ። «ሥሩ የሚበላው አግኝቷል ማለት ነው።»

ዙለይሃ ወደ ቤት ተመልሳ መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

ባሏ ኑርዬ ዛፍ ወዳድ ሰው ነበር። ሰዉ ጓሮውን እየመነጠረ ጫትና ባሕር ዛፍ ሲያደርገው፣ እሱ ውጫሌ ገበያ ደርሶ ሲመጣ እንኳ ችግኝ በብብቱ ሸጉጦ ነው የሚገባው። እሱ ከሞተ ወዲህ ዙለይሃ የቀረችው ከዛፎቹ ጋር ነው። እንደ ልጅ ታውቃቸዋለች፤ የትኛው ውሃ እንደሚወድ፣ የትኛው ንፋስ እንደማይችል። አንዱን ብቻ ትፈራዋለች።

በአቮካዶው በኩል ስታልፍ የቀሚሷን ጫፍ የሚይዛት ነገር አለ። እሾህ ነው እንዳትል እዚያ እሾህ የለም። ቅርንጫፍ ነው እንዳትል የዛፉ ቅርንጫፍ ከራሷ በላይ ነው። ቆማ ዞር ስትል ምንም የለም። ስለዚህ ወደ በሩ ስትወጣ በቡናው በኩል ዙሪያ ትሄዳለች፤ ወይም ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ እንደ ጎርፍ ተሻጋሪ ቶሎ ቶሎ ታልፋለች። ዛፉ ማፍራት ሲጀምር ደግሞ ባሰባት። ፀጥ ባለ ቀትር ፍሬው ዱብ ሲል ከሥር የተኛ ሰው የተገላበጠ ይመስላታል። ከዚያ ፍሬ ቀምሳ አታውቅም፤ ለጎረቤትም ሰጥታ አታውቅም። ወድቆ እዚያው ይበሰብሳል። የበሰበሰውን ደግሞ ሥሩ መልሶ ይበላዋል።

ረቢያ በዚህ ዓመት ከሪያድ ተመልሳ ስትመጣ ነገሩ መፈናፈኛ አጣ። እዚያ ሰው ቤት ስትላላክ ባጠራቀመችው ገንዘብ የሚከራይ ሁለት ክፍል ብሎኬት ቤት ልታቆም አስባለች። ለዚያ ደግሞ በበሩ በኩል ካለው ሜዳ የተሻለ ቦታ የለም። «ሌላ ቦታ» ትላለች እናት። «ሌላው ቁልቁለት ነው» ትላለች ልጅ። «አባትሽ የተከለው ነው።» «ሁሉንም የተከለው አባቴ ነው፣ እማ።» በዚህ ሲጨቃጨቁ ከረሙ።

ሙሀይሚን አመስግኖ እንደ ወጣ ረቢያ ገባች።

«እንግዳ ፊት ለምን ዋሸሽ?»

«ረስቼ ነው።»

«የሎሚውን ዕድሜ ሳትረሺ ይሄን ረሳሽ?» የረቢያ ፊት ጠቆረ። «እንግዲህ አንቺ ካልነገርሽኝ እኔ ምን ልወቅ። ሰኞን ምን አስጠበቀኝ፤ መሠረቱ የሚያልፍበትን አሁን እቆፍራለሁ።»

ከበር ጀርባ ዶማ ይዛ ወጣች። ዙለይሃ መጀመሪያ የምትቆፍር አልመሰላትም ነበር። ቀጥሎ ዶማው አፈሩን ሲመታ ሰማች። አንዴ። ደግሞም ሁለተኛ። ሻሿ ከራሷ ላይ ወድቆ፣ ጫማም ሳታደርግ ሮጠች።

«ረቢያ! በአላህ ይሁንብሽ ተይ! ሰው አለበት!»

ዶማው አየር ላይ ቆመ።

«ምን አለበት?»

«ሰው። ሰው ተኝቶበታል።»

ረቢያ ዶማውን ቀስ ብላ አወረደችና ከቆመችበት አፈር ላይ ወደ ኋላ ሸሸች። ዙለይሃም እዚያው ቡናው ሥር ቁጭ ብላ፣ ለማንም ያልነገረችውን ለልጇ ነገረቻት።

በጦርነቱ ጊዜ ነው፤ ስልክ የጠፋ ጊዜ። ከአምባሰል በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲያስተጋባ ያድራል። አንድ ጧት ጎመን ልትቀነጥስ ስትወጣ መደቡ መሐል አንድ ጎረምሳ ተጋድሟል። ሆዱን ተመትቷል። በምን በኩል እንደገባ፣ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። የለበሰው የወታደር ልብስ አይደለም፤ የተቀዳደደ ሹራብና የሌላ ሰው የሚመስል ሰፊ ሱሪ ነው። ውሃ በእጇ አፉ ላይ አደረገችለት። አንደበቱ ተይዟል፤ አይናገርም። ብቻ የቀሚሷን ጫፍ ያዘ።

«ልነሳ ስል አለቅም አለኝ» አለች ዙለይሃ። «ቁጭ አልኩ። አባትሽ መጣ፤ እሱም ቁጭ አለ። ፀሐይ ሳይከር ነፍሱ ወጣች። ከሞተም በኋላ ጣቶቹ አልፈታ አሉ። ኑርዬ ቢላ አምጥቶ ቀሚሴን ቆረጠው። ቁራጩን እንደያዘ ነው የቀበርነው።»

«ያ ረቢ» አለች ረቢያ አፏን በእጇ ይዛ። «ለምን መቃብር አልወሰዳችሁትም?»

«በየት መንገድ? በራችንን መክፈት እንኳ ፈርተን። አባትሽ አጠበው፤ በነጠላዬ ገነዝነው፤ ሰገደበት። እስላም ይሁን ክርስቲያን አናውቅም። ማዕተብ የለውም፤ ማዕተብ የሌለው ክርስቲያንም አለ። ‹አላህ ያውቀዋል› አለና ሰገደ። ከዚያ አዲስ የተቆፈረ አፈር የሚያይ ሰው ይጠይቃል ብሎ ለሌላ ቦታ ያመጣትን የአቮካዶ ችግኝ ላዩ ላይ ተከላት። አንዱ ወገን ሲመጣ ‹ገደላችሁት› ይለናል፣ ሌላው ሲመጣ ‹ደበቃችሁት› ይለናል አለኝ። ለማንም ነፍስ እንዳትነግሪ ብሎ አስማለኝ።»

ረቢያ ዛፉን ቀና ብላ አየች። ለቅሶዋ ሳይመጣ ሐሳቧ ቀደመ።

«በቃ» አለች። «ቤቱ ይቅር። ቁልቁለቱን አስደልድዬ እዚያ እሠራለሁ። አንቺም እንደ ዘጋሽው ዝም በይ። አሁን ብትናገሪ የሚመጣብሽን አታውቂም። አንዱ ይጠይቅሻል፣ አንዱ ያስቆፍርሻል። አባቴም የለ የሚመልስልሽ።»

ልጅቷ ያለችው እውነት ነበር። ዙለይሃም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ሻሿን አንስታ ሳትጨርስ ግን በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ስህን ብቅ አለች። ስህን አጥር የምትጋራ ጎረቤቷ ናት። ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ፣ በአረፋም በፋሲካም አብረው የሚቀመጡ ሴቶች ናቸው። የስህን ልጅ ይመር በዚያው በጦርነቱ ወር ከቤት እንደ ወጣ አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። ስህን ከዚያ ወዲህ ሌሊቱን በሯን ቀርቅራ አድራ አታውቅም፤ ምናልባት ድንገት ቢመጣ እንዳያንኳኳ።

ዛሬ ባዶ ስፌት ይዛለች።

«እታለም፣ ጌሾ ልለምንሽ ነው የመጣሁት» አለች። ድምፅዋ ደርቋል። «ትንሽ አይደለም፤ በዛ ያለ ነው።»

«ምን ልትደግሺ ነው?»

«ተዝካር ነው።» ስህን ስፌቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ዘመዶቼ እርምሽን አውጪ አሉኝ። የቆየሽው ይበቃል፣ ነፍሱን አታንከራትቺው አሉ። እኔም እሺ አልኳቸው። ሬሳውን ሳላይ፣ የሞተበትን ሳልሰማ እሺ አልኩ። ምን ላድርግ?»

ዙለይሃ ስፌቱን አየች። ይቺ ሴት እንደዚህ ባዶ ስፌት ታቅፋ ስትቆም፣ አንዲት ሌላ ሴት፣ የት እንዳለች አላህ ብቻ የሚያውቃት፣ እንዲሁ በሯን ሳትቀረቅር ስንት ሌሊት አድራ ይሆን? እሷንስ ዘመዶቿ ምን ይሏት ይሆን?

ረቢያ ከስህን ጀርባ ቆማ ራሷን በኃይል ነቀነቀች። አይሆንም።

«ስህን» አለች ዙለይሃ። «እዚህ ጓሮ ውስጥ የሰው ልጅ ቀብሬአለሁ።»

ስፌቱ ከስህን እጅ ወደቀ።

«ይመር ነው?»

«አይደለም።»

«ዙለይሃ፣ በግሸን ማርያም! ይመር ነው?»

«አይደለም! ይመርን በጀርባዬ ያዘልኩት እኔ አይደለሁም? ፊቱን አይቻለሁ። ይመር አይደለም።»

ስህን ማንም ሳይነግራት ወደ ዛፉ ሄደች። የተቆፈረውን ትኩስ አፈር አይታ ነው። ሥሩ ቆማ ቁልቁል አየች። ስትዞር ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ነበር።

«በየቀኑ ደጄን እያየሽ» አለች። «ስጠብቅ እያየሽ። የሰው ልጅ እዚህ አስተኝተሽ፣ ለእኔ አንዲት ቃል?»

«ፈራሁ። ስትሰሚ ያንቺ ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ። ለባሌም ምዬ ነበር።»

ልትሄድ ነው ብላ ዙለይሃ ስትጠብቅ፣ ስህን ጉልበቷን ይዛ ግንዱ ሥር ተቀመጠች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። የለቅሶ ቤት አለባበስ ነው። ከዚያ እንደ ወንዝ ሳይሆን እንደ ምንጭ፣ ድምፅ ሳይኖረው አለቀሰች። ለማን እንደሆነ ዙለይሃ አልጠየቀችም። ረቢያም ቀርባ ቆመች።

«ስሙን ታውቂዋለሽ?» አለች ስህን እንባዋን ሳትጠርግ።

«አላውቅም። አንደበት አልነበረውም።»

«ፍታትስ?»

«ኑርዬ አጥቦ ሰገደበት። በእኛ ሥርዓት ነው የተቀበረው። የእናንተ ቢሆንስ እያልኩ ነው ሳስብ የኖርኩት።»

«ሰው አጥቦታል» አለች ስህን ለራሷ እንደምትናገር። «ሰው ጸልዮለታል። የኔንም እንዲህ ያደረገ ቢኖር ምን ነበር።» ቀና አለች። «ነገ ለሼኹና ለቄሱ አብረን እንነግራለን። መነሳት አለበት የሚሉ እንደሆነ ይነሳል፤ ይቅር ካሉም ይቅር። እኔ አለሁ፤ ብቻሽን አይጠይቁሽም።»

«እማ» አለች ረቢያ። እንደገና ልትከለክል መስላ ነበር፤ ግን ዶማውን አንስታ ከተቆፈረው አፈር አራቀችው።

«አሁን ግን መልኩን ንገሪኝ» አለች ስህን። «አንድ ቀን እናቱ ፎቶውን ይዛ በየደጁ ትመጣለች። እኔ ደሴ ድረስ ይዤ ዞሬአለሁ፤ አውቀዋለሁ። አንቺ ብትሞቺ እኔ ልንገራት።»

ዙለይሃ ያን ፊት ላለማየት ስትሸሽ ኖራለች። በእንቅልፏ ሲመጣባት ተነስታ መብራት ታበራለች፤ በቀን ሲመጣባት ሥራ ትፈጥራለች። አፈር ውስጥ እንደሚጠፋ ሁሉ እሷም ውስጥ እስኪጠፋ ስትጠብቅ ነበር። አልጠፋም። አሁንም እዚያው ጎመኑ መሐል ወደ ላይ እያያት ነው።

ከስህን ጎን መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ልጅ ነው» አለች። «ጢሙ ገና አልሞላም። ጠይም ነው፣ ዓይነ ትልቅ። የግራ ቅንድቡ መሐሉ ላይ ተቆርጧል፤ በልጅነቱ የወደቀ ይመስለኛል። ጆሮው ደግሞ…»

«ቀስ በይ» አለች ስህን። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። አንዱም እንዳይጠፋኝ።»