የከርካሚው አውራ ጣት

አባዬ አርባ ዓመት የላም ሰኮና ሲከረክም ኖሯል። በሌላ ነገር ስንከራከር አልረታለትም፤ ምላሴ ረጅም መሆኑን ራሱ ይመሰክራል። በሰኮና ጉዳይ ግን አንገቴን ደፍቼ እሰማዋለሁ። ሕጉ አንድ ነው፦ በስሱ ትልጫለሽ፣ በአውራ ጣትሽ ጫን ታደርጊዋለሽ፣ ጠንካራ ከሆነ ትቀጥያለሽ። ወደ ውስጥ ሰርጎድ ካለልሽ ቢላውን ታስቀምጫለሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥጋ ነው።

ያን ቀን ጠዋት የሄድነው ስድስት የወተት ላሞች ያሏት ሴት ግቢ ነበር። ሁለቱን በሰላም ጨረስን። ሦስተኛዋን፣ ግንባረ ነጯን፣ ላም አጥብቆ የሚይዘው የብረት አጥር ውስጥ አስገብተን የኋላ እግሯን በገመድ አነሳሁለት። አባዬ ሰኮናውን አጠበው፣ ላጠው፣ በአውራ ጣቱ ጫነው። ከጣቱ ስር ሰርጎድ ሲል በዓይኔ አየሁ። አባዬ ግን ሊቀጥል ቢላውን መልሶ አነሳ።

«እሱ ያውቃል» ብዬ ዝም አልኩ። ዝም በይ ስባል እንኳ ዝም የማልል ሰው፣ ያን ጊዜ ዝም አልኩ።

ደሙ ፈሰሰ። ላሚቱ ብረቱን እያንቋቋች ተራገጠች። ባለቤቷ እየሮጠች መጣች።

«ምን ሆነች ጋሼ?»

«ገመዱን አላላችብኝ» አለ አባዬ፣ እኔን ሳያይ።

ገመዱ አልላላም፤ እንዲያውም መዳፌን ልጦት ነበር። ሴትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ ገላመጠችኝ። በጣም ተናደድኩ፤ ግን አባቴን በሰው ፊት አላዋርድም ብዬ ዋጥኩት።

ቁስሉን አጸዳን። የላም ሰኮና ሁለት ጥፍር ነው፤ የቆሰለው ጥፍር መሬት እንዳይነካ፣ ጤነኛው ጥፍር ስር ትንሽ እንጨት በማጣበቂያ ይለጠፋል። ማጣበቂያው ሲደርቅ ይግላል፤ እንጨቱን የሚይዝ ሰው ጣቱን እያቀያየረ ነው። እኔ አንዴ ነክቼው እጄን ሰበሰብኩ። አባዬ ግን አውራ ጣቱን እዚያው ላይ እንዳሳረፈ ነው።

«አባዬ፣ አያቃጥልህም?»

«ምኑ?»

እጁን ጎትቼ አነሳሁት። የጣቱ ጫፍ ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጣትህ የደነዘዘው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ካለፈው ዓመት ወዲህ። የስኳር በሽታው ነው አሉኝ ሐኪም ቤት።»

«እና ዝም ብለህ ትቆርጣለህ?»

«ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ፣ ልጄ?»

አንጀቴን በላው። ንዴቴ ግን አልበረደም። አራተኛዋ ላም፣ ገና የመጀመሪያ ጥጃዋን የወለደች፣ ተራዋን ቆማ ትጠብቃለች። አባዬ እጁን ወደ ቢላው ሲሰድ ቀደምኩት።

«አልሰጥህም።»

እጁን መለሰ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረ። «ገመዱ አልላላም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጣቴ ደንዝዟል» አላት፤ ገመዱንም ከእጄ ተቀበለ።

«እና አሁን ማን ሊከረክም ነው?» አለች ሴትየዋ።

«እሷ።»

አራተኛዋን አስገብተን አባዬ እግሯን በገመዱ አነሳልኝ፤ ቢላውን በመድኃኒት አጠብኩ። ላጥኩ፣ ጫንኩ።

«እንዴት ነው?» አለ አባዬ።

«ጠንካራ ነው።»

እንደገና ላጥኩ።

«አሁንስ?»

«እየሳሳ ነው።»

«በጣም ነው ወይስ ትንሽ?»

የሚፈትነኝ መስሎኝ መልስ ልሰጠው ቀና አልኩ። ገመዱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኖቹን ጨፍኖ፣ በእኔ ጣት ሰኮናውን የሚዳስስ ይመስል ይጠብቀኛል።